የድሮ ትራክተር ካምቢዮ፦ ማርሹ ለምን ቆሞ ይመረጣል?

መኪና መንዳት የለመደ ሰው የድሮ ትራክተር ላይ ሲወጣ የሚገጥመው ነገር ይታወቃል። በአንደኛ ማርሽ ይነሳል። ትንሽ እንደሄደ ፍሪሲዮን ረግጦ ሁለተኛ ሊያስገባ ይሞክራል። ካምቢዮው «ግርርር» ብሎ ይጮኻል። ማሳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያያል። ሹፌሩ ደግሞ ይረግጣል፤ ካምቢዮውም ደግሞ ይጮኻል። እስከዚያ ትራክተሩ ቆሟል።

ጥፋቱ የእግሩ አይደለም። የድሮ ትራክተር ካምቢዮ ከመኪና ካምቢዮ ጋር ስም ቢጋራም ጠባዩ ሌላ ነው። የመኪና ማርሽ እየሄዱ ይቀያየራል። የድሮ ትራክተር ማርሽ ግን ሥራው ታይቶ፣ መሬቱ ታይቶ፣ ቆሞ ይመረጣል። ከዚያ ትልሙ እስኪያልቅ በዚያው ይኬዳል። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው ከብዙ የካምቢዮ ጣጣ ይገላገላል።

ጎንደርና አካባቢዋ ላይ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ደምቢያ ዋልካ መሬት ላይ የሚያርሰው፣ ከአዘዞ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ተጎታች አስሮ የሚያልፈው፣ ፎገራ ሩዝ ማሳ ውስጥ ጭቃ የሚያቦካው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር፣ ሁሉም ይህ ጉዳይ አለባቸው። ውጭ አገር «የጓሮ ትራክተር» የሚሉት ትንሽ ዘመድም አለ። ሣር ያጭዳል፣ ትንሽ ማረሻ ይጎትታል። እኛ ዘንድ ብዙም አይታይም። የውስጥ አሠራሩ ግን ያው ስለሆነ በመሀል አነሳዋለሁ።

መጀመሪያ፣ ካምቢዮ ለምን አስፈለገ? በቁጥር እንየው። የድሮ ትራክተር ዲዝል ሞተር ሥራ ላይ በደቂቃ 2000 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ትራክተሩ ሲያርስ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል፤ የሰው እርምጃ ማለት ነው። ይህ በደቂቃ 83 ሜትር ይሆናል። ዙሪያው 4 ሜትር የሚሆን የኋላ ጎማ ይህን ለመሄድ በደቂቃ 21 ጊዜ ቢዞር ይበቃዋል። ሞተሩ 2000፣ ጎማው 21። ሞተሩ 95 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው። ተራ የቤት መኪና በአንደኛ ማርሽ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ለ1 አያልፍም።

ይህን ልዩነት የሚያመጡት ጥርስ ያላቸው ክብ ብረቶች ናቸው። 12 ጥርስ ያለው ትንሽ ብረት 48 ጥርስ ያለውን ትልቅ ብረት ሲያዞር፣ ትልቁ የሚዞረው በሩብ ፍጥነት ነው። በምትኩ የመጠምዘዝ ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል፤ በፍትጊያ የሚባክነው ትንሽ ነው። ድንጋይ በድጅኖ ስትፈነቅሉ እጃችሁ ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ ድንጋዩ ግን ትንሽ ከፍ ይላል። ጥርሱም እንደዚያ ነው፤ ልዩነቱ ሳያቋርጥ መዞሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ ማርሽ ለሞተሩ አዲስ ጉልበት አይሰጠውም። ፍጥነት ሸጦ የመጠምዘዝ ኃይል ይገዛል እንጂ።

የጎንደር ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ማከል አለበት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የድሮ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል ተብሎ በልምድ ይሰላል። እዚህ ሲደርስ ከአምስት አንድ እጁን ጥሎ መጥቷል ማለት ነው። ከ1000 ሜትር በታች ባለው የመተማ ቆላ በሦስተኛ ማርሽ ያለችግር የሚያርስ ትራክተር፣ ደጋ ላይ በዚያው ማርሽ ቢያቃስት አይግረማችሁ። ሞተሩ አልታመመም። አንድ ማርሽ ዝቅ አድርጉለት።

አሁን ካምቢዮውን እንክፈተው። ከሞተሩ የሚመጣ ዘንግ አለ፣ ወደ ጎማ የሚሄድ ዘንግ አለ፣ በሁለቱ መካከል የተለያየ መጠን ያላቸው ጥርሳም ብረቶች አሉ። የማርሹ ዱላ ከሥሩ ሹካ የመሰለ ብረት ይገፋል። ሹካው የሚገፋው ነገር ግን እንደ ካምቢዮው ዓይነት ይለያያል፤ የጩኸቱም ምስጢር እዚሁ ነው።

በጥንቱ ዓይነት ሹካው ጥርሳሙን ብረት ራሱን በዘንጉ ላይ አንሸራትቶ ከሌላው ጥርስ ጋር ያገናኘዋል። ሁለቱም ከቆሙ፣ ወይም በእኩል ፍጥነት ከዞሩ፣ ገጥመው ይገባሉ። አንዱ እየዞረ ሌላው ከቆመ ጥርስ ከጥርስ ይፋጫል። «ግርርር» የሚለው እሱ ነው። እያንዳንዱ ጩኸት ከጥርሱ ጫፍ ትንሽ ብረት ይዞ ይሄዳል፤ የተላጨውም ብረት ዘይቱ ውስጥ ይቀራል።

በሁለተኛው ዓይነት ጥርሶቹ ሁልጊዜ እንደተገናኙ ይኖራሉ። ሹካው የሚገፋው፣ የተፈለገውን ጥርስ ከዘንጉ ጋር የሚቆልፍ ቀለበት ነው። ይህ ይሻላል። ቢጮኽም የሚጎዳው ቀለበቱ እንጂ ጉልበት ተሸካሚው ጥርስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 የተመረተው ዝነኛው ፈርጉሰን ቲኢ20 እንደዚህ ነበር፤ አራት ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ። የማርሹ ዱላ አንድ ተጨማሪ ቦታ ነበረው። ሞተሩን የምታስነሱት ዱላውን ወደዚያ ገፍታችሁ ነው። ማርሽ ውስጥ እያለ ማስነሳት አይቻልም። እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ የደህንነት ብልሃት በዘመናዊዎቹም ላይ አላየሁም።

ሦስተኛው ዓይነት መኪናችሁ ውስጥ ያለው ነው። ከቀለበቱ ፊት ሌላ የነሐስ ቀለበት አለ። ጥርሱ ከመግባቱ በፊት ተፋትጎ ሁለቱን ወደ እኩል ፍጥነት ያመጣቸዋል። የአሜሪካው መኪና አምራች ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1928 በመኪና ላይ አምጥቶታል። ያኔ ለትራክተር ማንም አልቸኮለም።

ለምን ካላችሁ፣ በማረሻ ሥራ ላይ ብዙም አይጠቅምም። መኪና ፍሪሲዮን ሲረገጥ በራሱ ግፊት ይንሸራተታል። ማርሽ ለመቀየር ጊዜ አላችሁ። ማረሻ መሬት ውስጥ የቀበረ ትራክተር ግን ፍሪሲዮን እንደተረገጠ ቀጥ ይላል። መሬቱ ራሱ ፍሬን ነው። እጃችሁ ቀጣዩ ማርሽ ላይ ሳይደርስ ጎማው ቆሟል። እንግዲህ መቆሙ ካልቀረ፣ መጀመሪያውኑ ትክክለኛውን ማርሽ መርጦ መነሳት ነው።

ምርጫውን የሚያበዛው ደግሞ ሁለተኛው ዱላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1975 የተመረተውን ማሲ ፈርጉሰን 135 እንውሰድ። መደበኛው ካምቢዮ ሦስት ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ አለው። ከጎኑ «ከፍተኛ» እና «ዝቅተኛ» የሚል አጭር ዱላ አለ። ሦስቱ በሁለቱ ሲባዛ ስድስት ወደፊት፣ ሁለት ወደኋላ ይሆናል። በዝቅተኛው አንደኛ ከሰው እርምጃ በታች ይሄዳል። በከፍተኛው ሦስተኛ መንገድ ላይ ይበራል፤ ለትራክተር መብረር ከተባለ። ብዙ ጀማሪ ይህን አጭር ዱላ ይረሳዋል። ከፍተኛው ላይ ትቶ በአንደኛ ሊያርስ ይሞክራል፤ ሞተሩ ሲጠፋበት «ጉልበት የለውም» ይላል። አጭሩንም ዱላ የምትነኩት ትራክተሩ ቆሞ ነው።

ነዳጁስ? መኪና ውስጥ በእግር እንለዋውጠዋለን። ትራክተር ላይ በእጅ እንዲቆይ ይደረጋል። ለእርሻ ማርሹን ምረጡ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ ከዚያ ነዳጁን ወደሚፈለገው አምጥታችሁ እዚያው ተዉት። ማረሻው ከባድ ቦታ ሲያገኝ ሞተሩ ትንሽ ድምፁን አጎርንኖ ካለፈ ማርሹ ልክ ነው። ድምፁ እየወረደ እየወረደ ጭስ ካጠቆረ ማርሹ ከፍ ብሏል። ምንም ሳይሰማው እየጮኸ ከሄደ ደግሞ አንድ ከፍ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ነዳጅም ታተርፋላችሁ።

ፍሪሲዮኑ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሥራው ሞተሩን ከካምቢዮው ማለያየት ነው። በሞተሩ በኩል ከባድ ክብ ብረት አለ። ሸራ የለበሰ ዲስክ በስፕሪንግ ግፊት እሱ ላይ ይጣበቃል። ፔዳሉን ስትረግጡ ግፊቱ ይነሳል፣ ዲስኩ ነጻ ይሆናል። ብዙዎቹ የድሮ ትራክተሮች ላይ ግን ፔዳሉ ሁለት ደረጃ አለው። እስከ ግማሽ ሲረገጥ ጎማው ይቆማል፣ ከኋላ ማሽን የሚያዞረው ዘንግ፣ ፒቲኦ የምንለው፣ መዞሩን ይቀጥላል። እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ሁለቱም ይቆማሉ። መውቂያ ወይም አፈር መፍጫ ለሚያዞር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጎማውን አቁሞ ማሽኑ የያዘውን እንዲጨርስ ማድረግ ይችላል።

አደጋውም ከዚሁ ይመጣል። ትራክተሩ ስለቆመ ሁሉም የቆመ ይመስላል። ያ ዘንግ ግን በተለመደው ደረጃ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ ዘጠኝ ማለት ነው። ጋቢ ወይም ነጠላ ጫፉን ከያዘው ሰውዬው እጁን ለመሰንዘር ጊዜ የለውም። ፒቲኦ እየዞረ ማንም ከኋላ አይጠጋ። ጋቢ ወይም ነጠላ የደረበ ሰው ጭራሽ አይጠጋ።

የጓሮ ትራክተሮች እዚህ ላይ ሁለት ቤት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው ከብ ካዴት እውነተኛ የፍሪሲዮን ዲስክና ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ ነበረው። ሌሎቹ ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ቺንጋ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ቺንጋው ይላላል፣ ሲለቀቅ ይወጠራል። ርካሽ ነው፣ ለመጠገንም ቀላል ነው። ቺንጋው ሲያረጅ ግን ፔዳሉን ረግጣችሁም ትንሽ ትንሽ ይጎትታል፤ ማርሹም ይጮኻል። ካምቢዮ ከማስፈታታችሁ በፊት ቺንጋዋን ቀይሯት።

ባለ ሁለት ጎማው ላይም ጉልበቱ ከሞተር ወደ ካምቢዮ የሚሄደው በቺንጋ ነው። ነጂው ከኋላ እየሄደ ሁለት እጀታ ይይዛል። ግራውን መጭመቂያ ሲይዝ የግራው ጎማ ከካምቢዮው ይለያያል፣ ቀኙ ብቻውን ይገፋል፣ ማሽኑ ወደ ግራ ይዞራል። ሜዳ ላይ ይህ ልክ ነው። ቁልቁለት ላይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ይሆናል! ሲወርዱ ጎማውን የሚይዘው ሞተሩ ነው። የግራውን ስትለዩት ያ ጎማ መያዣ አጥቶ ይፈጥናል፤ ማሽኑ ወደ ቀኝ ይዞራል። ሜዳ ላይ የለመደ ሰው ቁልቁለት ላይ ከገደሉ ሲሸሽ ወደ ገደሉ የሚገባው በዚህ ነው። መፍትሔው፣ ቁልቁለት ላይ መጭመቂያውን ጭራሽ አለመንካት። በዝቅተኛ ማርሽ፣ በትንሽ ነዳጅ፣ እጀታውን በጉልበት እየገፉ ማዞር ነው። ወደኋላ ሲሄድም እጀታው ወደ ላይ ይነሳልና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ ከኋላችሁም ግድግዳ ወይም ዛፍ አለመኖሩን እዩ።

ቁልቁለት ከተነሳ፣ ለባለ አራት ጎማውም ሕጉ ጥብቅ ነው። ከጎንደር ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ማርሽ የሚመረጠው ቁልቁለቱ አናት ላይ ነው። በጥንቱ ካምቢዮ መሀል ላይ ዝቅ ላድርግ ብላችሁ ካወጣችሁት ላይመለስላችሁ ይችላል። ዜሮ ላይ ቀራችሁ ማለት ነው። የጫነ ተጎታች ከኋላ እየገፋ፣ በፍሬን ብቻ። «ነዳጅ ልቆጥብ» ብሎ ዜሮ አድርጎ የሚወርድ ሹፌርም አለ። ይሄ ቁጠባ አይባልም፤ ነፍስ መቆመር ነው።

አንዳንድ ማሲ ፈርጉሰኖች ላይ «መልቲ ፓወር» የሚባል ነገር አለ። በትንሽ ማብሪያ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ በጉዞ ላይ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ስድስቱን ማርሽ አሥራ ሁለት ያደርገዋል። ደስ ይላል። ነገር ግን በዝቅተኛው ላይ ሲሆን ሞተሩ ትራክተሩን አይዝም፤ ቁልቁለት ላይ ልክ እንደ ዜሮ ማርሽ ይለቀዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ትራክተር ያለው ሰው፣ ከመውረዱ በፊት መልቲ ፓወሩን ከፍተኛው ላይ አድርጎ በዋናው ዱላ ዝቅተኛ ማርሽ ይያዝ። ያገለገለ ትራክተር ሲገዛ ይህን የሚነግር ሻጭ ግን ብርቅ ነው።

ዳገት ላይና ጭቃ ውስጥ ሌላ ፈተና አለ። የኋላ ጎማዎች ጭቃ ውስጥ ተይዘው እምቢ ሲሉ፣ በዝቅተኛ አንደኛ ፍሪሲዮኑን በአንዴ ብትለቁት የሞተሩ ጉልበት መሄጃ ያጣል። ጎማው ካልዞረ አካሉ በጎማው ዙሪያ ይዞራል። የፊቱ ይነሳል፣ ትራክተሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ብዙዎቹ የድሮዎቹ ደግሞ ነጂውን የሚከልል የብረት ክፈፍ የላቸውም። ከጭቃ የሚወጣው በኋላ ማርሽ ነው፤ የያዘው ነገር ካለ ተፈትቶ።

ወደ ብልሽት እንምጣ። ጋራዥ ውስጥ የሚሰማው ንግግር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

«ጋሼ፣ ካምቢዮው ሄደ መሰለኝ። ማርሽ አልገባም አለ።»

«ሁሉም ነው ወይስ አንዱ?»

«ሁሉም።»

«ታዲያ ካምቢዮውን ምን አድርግ ትለዋለህ ልጄ፣ ፍሪሲዮኑን እየው።»

ጋሼ ልክ ናቸው። ሁሉም ማርሽ ቆሞም እያለ ከጮኸ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ፍሪሲዮን ነው። ሙሉ በሙሉ አይለይም። ለመሞከር ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ትንሽ ጠብቁ፣ ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገቡ። ካምቢዮው ውስጥ ያሉት ነገሮች እስከዚያ መቆም ነበረባቸው። አሁንም ከጮኸ ፍሪሲዮኑ እየጎተተ ነው፤ ማስተካከያውን ከማሳየት ጀምሩ። የሚጮኸው አንድ ማርሽ ብቻ ከሆነ ግን የዚያ ማርሽ ጥርስ ወይም ቀለበት ተበልቷል።

ሞተሩ እየጮኸ ትራክተሩ የማይፈጥን፣ የተቃጠለ ሽታም ያለው ከሆነ ሸራው አልቋል ወይም ዘይት ነክቶታል። ዜሮ ላይ ፔዳሉ ተለቆ ድምፅ ካለ፣ ሲረገጥም ከጠፋ፣ የካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ ይጠርጠር። በተቃራኒው ሲረገጥ የሚመጣ ድምፅ ከሆነ ፔዳሉ የሚገፋው ኩሽኔታ ነው። እሱን የሚጨርሰው ፔዳሉን የእግር ማሳረፊያ ማድረግ ነው።

ማርሽ በሥራ መሀል ዘሎ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ከርካሹ ጀምሩ። ዱላውን በቦታው የምትይዝ ትንሽ ኳስና ስፕሪንግ አለች። ስፕሪንጓ ስትደክም ማርሽ ይዘላል። ዋጋዋ ከሹካ ወይም ከጥርስ ጋር አይወዳደርም። ዱላውን በእጅ ወይም በገመድ ይዞ መሥራት ግን ሹካውን ያስበላል። ከአንድ ርካሽ ስፕሪንግ ተነስቶ ሙሉ ካምቢዮ ማስፈታት እንዲህ ይመጣል።

ዘይቱ ብዙ ይናገራል። እንደ ማሲ ፈርጉሰን 35 እና 135 ባሉት ላይ የካምቢዮው ዘይት ማረሻውን የሚያነሳው ሃይድሮሊክ ዘይትም ነው። አንድ ገንዳ ነው። ስለዚህ «የካምቢዮ ዘይት ነው» ብሎ የተገኘውን ወፍራም ዘይት መጨመር ሃይድሮሊኩን ያሰንፈዋል። በማኑዋሉ የተጻፈውን ዓይነት ፈልጉ። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ክረምት ውጭ ያደረ የድሮ ትራክተር ላይ ውኃው የሚገባው ብዙ ጊዜ ማርሹ ዱላ ሥር ባለው በተሰነጠቀ ጎማ ነው። ጎማውን ቀይሩት፤ እስከዚያ በላስቲክ ጠቅልሉት። ውኃ ከዘይት ይከብዳልና፣ ትራክተሩ ጥቂት ቀን ቆሞ ከሆነ ከሥር ያለውን ቡሎን በቀስታ ስታላሉ መጀመሪያ የሚወርደው ውኃው ነው። ዘይቱ ውስጥ እንደ ዱቄት የላመ ግራጫ ብረት ያለ ነው። በጣት የሚያዝ ስብርባሪ ካገኛችሁ ግን ትራክተሩ እንዳይነሳ።

ክረምቱን ሙሉ ሳይሠራ የሚቆም ትራክተር ላይ የፍሪሲዮኑ ሸራ በዝገት ከብረቱ ጋር ይጣበቃል። በመስከረም ሞተሩ ይነሳል፣ ፍሪሲዮኑ ግን አይለይም። መከላከያው ቀላል ነው። ፔዳሉን ረግጣችሁ በእንጨት ደግፉት፣ ወይም በገመድ እሰሩት፣ እንደዚያው ይክረም። አንዳንድ ትራክተር ለዚሁ የተሠራ መያዣ አለው።

ያገለገለ ልትገዙ ከሆነ፣ ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ቢጠብቃችሁም በሞተሩ ድምፅ አትደሰቱ። ሞተር የሚሠራ ሰው በየቦታው አለ፤ የካምቢዮ ጥርስ ግን ማግኘት ይከብዳል። እያንዳንዱን ማርሽ፣ ከፍተኛውንም ዝቅተኛውንም፣ የኋላውንም ጨምሮ፣ ጭነት አስራችሁ ሞክሩ። ባዶውን ሁሉም ትራክተር ጨዋ ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጡም፣ ስትቀንሱም ዱላውን ሳትነኩ እዩት። የሚዘል ማርሽ ያኔ ይዘላል። ከዚያ የዘይት መለኪያውን አውጡ። ዘይቱ አዲስና ንጹሕ ከሆነ አሮጌው መቼ እንደተቀየረ፣ ለምንም እንደተቀየረ ጠይቁ።